የቀዝቃዛው ጦርነት ሳይረኖችና ፈላጊዎቻቸው

ሳይረን አየርን በፍጥነት እየቆራረጠ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ዙሪያውን ቀዳዳዎች ያሉት ከበሮ፣ እሱም ቀዳዳዎች ባሉት ቋሚ ቀለበት ውስጥ ሲሽከረከር፣ ቀዳዳዎቹ በተገጣጠሙ ቁጥር አየር ያፈተልካል፣ በተላለፉ ቁጥር ይታገዳል፤ ይህም በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ አንድ ወጥ ጩኸት ይሰማል። የአሠራሩን መነሻ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ስኮትላንዳዊው ጆን ሮቢሰን ያስገኘ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሻርል ካኛር ደ ላ ቱር እ.ኤ.አ. በ1819 አሻሽሎ ለድምፅ ጥናት አውሎታል። ይህ የቤተ ሙከራ ዕቃ ከጣሪያ ላይ ወጥቶ ከተማን ሙሉ እንዲያስጠነቅቅ ያደረጉት ግን የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነቶች፣ በተለይም የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መምጣት ናቸው።

ዛሬ የአሮጌ ሳይረን አፍቃሪዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ሳይረኖች ቀዳሚው የአሜሪካው የመኪና አምራች ክራይስለር የሠራው ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1942 ከቤል ቤተ ሙከራዎች ጋር ሆኖ ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት፣ «ቪክትሪ» ወይም የድል ሳይረን የተባለው፣ ከኋላው የተቀመጠ ሠራተኛ በእጁ ማንሻዎቹን እየሳበና ፍሪሲዮኑን እየያዘ እየለቀቀ የሚያስጮኸው ነበር፤ ሠራተኛው ሌላውን ሕዝብ ወደ መጠለያ እየሰደደ ራሱ ከጩኸቱ ሥር መቆየቱ የዕቅዱ ግልጽ ጉድለት ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተመረተው ሁለተኛው ዓይነት ግን በርቀት የሚነሣ ሲሆን፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሄሚ ሞተር ተገጥሞለት፣ በአንድ በኩል አየር አማቂውን ኮምፕሬሰር፣ በሌላ በኩል አየር ቆራጩን ከበሮ ያሽከረክራል፤ ድምፁም በስድስት ጥሩምባዎች ይወጣል። ርዝመቱ ወደ 3.7 ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 3 ቶን ይጠጋል።

የጩኸቱ መጠን በ30 ሜትር ርቀት ላይ 138 ዴሲቤል ነበር። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ 10 በጨመረ ቁጥር ኃይሉ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ በአንጻሩ በገላጣ ሜዳ ላይ ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ሳይረኑ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እንኳ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይሰማል ማለት ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1949 የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ ከሞከረች በኋላ፣ ጥቂት ኃይለኛ ሳይረኖች ሰፊ ከተማን ይሸፍናሉ የሚለው ሐሳብ ለከተማ አስተዳደሮች ማራኪ ሆነ፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ለሲቪል መከላከያ መሣሪያዎች ግዢ የወጪውን ግማሽ በመሸፈን አበረታታቸው።

ይሁንና ሞተር ያለው ሳይረን ነዳጅ፣ ባትሪና የማያቋርጥ ጥገና ይፈልጋል፤ ለዓመታት ሳይነሣ ቆይቶ በተፈለገበት ደቂቃ መነሣት አለበት። አህጉር አቋራጭ ሚሳይሎች የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ከሰዓታት ወደ ደቂቃዎች ሲያሳጥሩት ደግሞ የተገዛበት ስሌት ራሱ ተናጋ። የሕዝቡንም እምነት መጠበቅ ቀላል አልነበረም፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1959 ሌሊት የቺካጎው ዋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን ከ40 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የከተማዋ የእሳት አደጋ ኮሚሽነር ሮበርት ክዊን ለደስታው ሲሉ ሳይረኖቹን ለአምስት ደቂቃ ያህል አስጮኹ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ጥቃት ደረሰ ብለው ተሸበሩ።

የክራይስለር ሳይረኖችን ለዛሬ ያቆያቸው እንክብካቤ ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። ሦስት ቶን ብረት ከሕንፃ ጣሪያ በክሬን ማውረድ ከዋጋው በላይ ስለሚያስወጣ፣ ብዙዎቹ በዝናብና በወፍ ጎጆ ውስጥ ተረስተው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት አፍቃሪዎች፣ አንዳንዶቹ ሳይረኖቹ ሲተከሉ ገና ያልተወለዱ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችንና የከተማ ሰነዶችን እየመረመሩ፣ ጣሪያዎችን በመነጽር እየቃኙ፣ የአሠራሩን ዓይነት ከጥሩምባው ቅርጽ ብቻ እየለዩ ይፈልጓቸዋል። ፌዴራል ሲግናል የተባለው ኩባንያ የሠራው «ተንደርቦልት»፣ ማለትም ከግርጌ ባለ አየር ነፊ የሚመገበውና ጥሩምባው እየዞረ ድምፁን ሲያቀርብና ሲያርቅ የሚሰማው ሳይረን፣ በአንዳንድ ከተሞች ለአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ስላገለገለ ከክራይስለሩ ይልቅ በሥራ ላይ ሆኖ የመገኘት ዕድል ነበረው። ብሪታንያ ደግሞ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የሳይረን መረቧን ስታፈርስ፣ የካርተርና የጄንትስ ኩባንያዎች ሥራ የሆኑ ብዙ ሳይረኖች በሰብሳቢዎች እጅ ገቡ።

ሳይረኑን ለማደስ ዝገቱን የማስለቀቁ ሥራ ሲያልቅ ፈተናው አያልቅም። ከበሮው በቋሚው ቀለበት ውስጥ የሚሽከረከረው እጅግ ጠባብ ክፍተት ይዞ ስለሆነ፣ ጥቂት መዛባት ብረቱን ያፋጨዋል፤ የደረቀ የሞተር ዘንግና የተቆለፈ ፒስተንም በጥንቃቄ መፍታትን ይጠይቃሉ። የታደሰን ሳይረን በሙሉ ኃይሉ ማስነሣት ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር የማይቻል በመሆኑ፣ ባለቤቶቹ ገላጣ ገጠር ይመርጣሉ፣ ጆሯቸውን ይሸፍናሉ፣ አስቀድመውም ለአካባቢው ፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ያስታውቃሉ።