ፕላውደን የሚባለው የእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስም፤ አመጣጡና የተሠራጨበት ምድር

የኢትዮጵያን ታሪክ የተማረ ሰው ሁሉ ቆንሲል ፕላውደንን ያውቀዋል። በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተዋውሎ፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ሆኖ፣ በጐንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቈስሎ የሞተው እንግሊዛዊ ነው። ይሁን እንጂ ፕላውደን ለዚህ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ያወጡለት ስም ዋልተር ነው። የአባቱም ስም አይደለም፤ አባቱ ትሬቨር ይባል ነበር። እንግዲያስ ፕላውደን የማን ስም ነው? እኛም ይህችን አነስተኛ ጥናት የጀመርነው ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በስማችን ላይ የአባታችንን ስም አክለን እንጠራለን፤ ልጃችን ደግሞ የእኛን ስም ይዞ የአያቱን ይተዋል። ስለዚህ ስማችን በየትውልዱ ይታደሳል፤ የዘር ሐረጋችንን የሚጠብቀውም የሽማግሌዎች ቈጠራ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድ፣ ስሙ ራሱ እንደ ሰነድ ሆኖ ያገለግላል። ሆኖም ሁሉም ስም እኩል አይመሰክርም። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ቀጥቃጭም በየመንደሩ ስለነበረ ስሙ በብዙ ቦታ ለየብቻው ተነሥቷል፤ ሁለት ስሚዞችም በዝምድና ላይገናኙ ይችላሉ። ፕላውደንን የመሰለ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠሩበት ስም ግን ከአንድ ምንጭ የፈለቀ ነውና እስከ ምንጩ ድረስ ሊከተሉት ይቻላል። እኛም የምናስረዳው ይህ ስም ከየት እንደተነሣ፣ ለምን እንዳልበዛና ጥቂት ሆኖ ሳለ እንዴት ወደ ሩቅ አገር እንደደረሰ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

1ኛ፤ ስሙ የተነሣበት ስፍራ

ፕላውደን በመጀመሪያ የሰው ስም ሳይሆን የቦታ ስም ነው። ስፍራውም በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ጋር በሚዋሰነው በሽሮፕሽር አውራጃ፣ ሎንግ ሚንድ ከሚባለው ረጅም ተራራ በስተ ደቡብ ጫፍ ይገኛል፤ የሚቈጠረውም በሊድበሪ ኖርዝ ደብር ውስጥ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባለ ርስቶች በርስታቸው ስም መጠራት ጀመሩ። በሰነድም «ሮጀር ደ ፕላውደን» ተብለው ይጻፉ ነበር፤ ይኸውም በግእዝ «ዘፕላውደን» እንደማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ «ደ» የምትለዋ ቃል ወደቀችና የቦታው ስም ብቻውን የቤተ ሰቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ስለ ስሙ ትርጕም ስንመረምር እኛ ራሳችን ተሳስተን ነበር። በእንግሊዝኛ «ፕላው» ማረሻ ነው፤ «ደን» የሚለውም መጨረሻ ብዙ ጊዜ ሸለቆ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ረቂቃችን «የማረሻ ሸለቆ» ብለን ተርጕመን ለጓደኞቻችን አነበብንላቸው፤ እነርሱም ወደዱት። ኋላ ግን የቦታ ስሞችን የሚመረምሩ ሊቃውንት የጻፉትን ብንመለከት፣ በቀድሞው አጻጻፍ የመጀመሪያው ክፍል ከማረሻ ጋር የማይገናኝ፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጨዋታ» የሚል ቃል ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ ፕላውደን ማለት የጨዋታ ሸለቆ፣ የአገሩ ሰው ለግጥሚያና ለትግል የሚሰበሰብበት ስፍራ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ጃን ሜዳን እንደማለት። ይህን ስሕተታችንን የጻፍነው ለትሕትና ብቻ አይደለም። በአገራችንም የቦታ ስም በጆሮ ብቻ እየተሰማ ሲተረጐም ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ጥንት የተጻፈውን ሳያዩ መተርጐም ግን እንዲህ ያሳስታል።

ከዚህ ቤተ ሰብ ሮጀር የሚባል ሰው በ1191 በመስቀል ጦርነት በአካ ከተማ ከበባ ላይ ተዋግቷል፤ ስለዚህም በጋሻው ምልክት ላይ የአበባ ሥዕል እንዲጨምር ተፈቀደለት፤ ወደ አገሩም በደኅና ሲመለስ ስእለቱን ለመፈጸም በሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ሠራ ይባላል። ይህ የቤተ ሰቡ ትውፊት ነው። የአበባው ምልክት በቤተ ሰቡ ጋሻ ላይ መኖሩ፣ የፕላውደኖች የጸሎት ቤትም በቤተ ክርስቲያኑ መኖሩ እውነት ነው፤ የሮጀርን ጀግንነት ግን በትውፊትነቱ እንቀበለዋለን እንጂ ከሰነድ ጋር አንደባልቀውም።

2ኛ፤ ስሙን ያስከበረው የሕግ ሊቅ

ስሙን በእንግሊዝ አገር ሁሉ ያስጠራው ከ1518 እስከ 1585 የኖረው ኤድመንድ ፕላውደን ነው። እርሱ በለንደን ሚድል ቴምፕል በሚባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ የገንዘብ አላፊ ሆኖ፣ እስከ ዛሬ የቆመውን ትልቁን አዳራሽ ካሠሩት ሰዎች ዋነኛው ነበር። በ1571 ያሳተመው የፍርድ ዘገባም ጠበቆችና ዳኞች ከአንድ ፍርድ ቤት ክርክር ምን መውሰድ እንዳለባቸው ያስተማረ መጽሐፍ ነው።

ኤድመንድ ግን ካቶሊክ ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1558 ከነገሠች በኋላ የመንግሥቱ ሃይማኖት ተለውጦ ነበር። ሃይማኖቱን ቢተው ለከፍተኛ ሹመት ይበቃ እንደነበረ ይነገራል፤ እርሱ ግን አልተወም፤ ዳኛም ሳይሆን ሞተ። ስለ እርሱ የቀረ አንድ ተረት አለ። አንድ ሰው ቅዳሴ ሰምተሃል ተብሎ ቢከሰስ ኤድመንድ ጥብቅና ቆመለት። ቀደሰ የተባለውም ቄስ ሳይሆን፣ ሰውን ለማጥመድ የቄስ ልብስ ለብሶ የተላከ ሕዝባዊ መሆኑ በክርክሩ ላይ ተገለጠ። ያን ጊዜ ኤድመንድ «እንግዲህስ ጕዳዩ ተለወጠ፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም» አለ ይባላል። «ጕዳዩ ተለወጠ አለ ፕላውደን» የሚለው አነጋገርም በእንግሊዞች ዘንድ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

3ኛ፤ ስሙ ስለምን አልበዛም?

የጥናታችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ርስት የነበረው፣ የታወቀ ሊቅ ያፈራ ቤተ ሰብ በአራትና በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ እጅግ ሊበዛ ይችል ነበር። ያልበዛበትን ምክንያት በሕጉና በሃይማኖቱ ውስጥ እናገኘዋለን።

በ1559 በወጣው ሕግ እሑድ ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ ሰው 12 ፔንስ ይቀጣ ነበር፤ በ1581 ቅጣቱ በወር 20 ፓውንድ ሆነ፤ ይህም በዚያን ዘመን ባለ ርስትን እንኳ የሚያደኸይ ገንዘብ ነው። ካቶሊካውያን ከመንግሥት ሹመት ተከለከሉ፤ በጥብቅና ለመቆም የተፈቀደላቸውም በ1791፣ ወደ ፓርላማ ለመግባት የተፈቀደላቸውም በ1829 ነው። በሹመትና በሥራ በሩ ሲዘጋባቸው ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶችና ገዳማት ሰደዱ። መነኵሴና ቄስ የሆነው ልጅ ደግሞ ስሙን የሚወርስ ልጅ አይወልድም።

ይህን በሦስት ወንድማማች ማየት ይቻላል። ሮበርት ፕላውደን (1740–1823) ኢየሱሳዊ ካህን ሆነ። ቻርልስ ፕላውደንም (1743–1821) እንደዚሁ ኢየሱሳዊ ሆኖ የእንግሊዝ ኢየሱሳውያን አለቃ እስከመሆን ደረሰ፤ በ1790 የአሜሪካ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ጳጳስ ጆን ካሮል በእንግሊዝ አገር ሲሾም ስብከቱን ያሰማው እርሱ ነበር። ሦስተኛው ፍራንሲስ (1749–1829) እንደ ወንድሞቹ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ በ1773 በጳጳሱ ትእዛዝ ሲፈርስ ገና ክህነት አልተቀበለም ነበርና ወደ ዓለም ተመለሰ፤ ጠበቃና የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፊ ሆነ፤ አግብቶም ወለደ። ከወለዳቸውም አንዲቱ ልጁ በ1819 ዳንዶናልድ የሚባለውን መስፍን አግብታ የፕላውደንን ስም ትታ ሄደች። እንግዲህ ከሦስቱ ወንድማማች ሁለቱ ስሙን በምንኵስና ዘጉት፤ የሦስተኛው ልጅ ደግሞ በጋብቻ ተወችው። ስም የሚያንሰው በጦርነትና በቸነፈር ብቻ ሳይሆን እንዲህ በዝግታም ነው።

4ኛ፤ ስሙ የሄደበት መንገድ

በእንግሊዝ አገር ውስጥ ስሙ ከሽሮፕሽር ወጥቶ ቤተ ሰቡ ርስት በያዘባቸው ስፍራዎች ይገኛል፤ ይኸውም በኦክስፎርድሽር በሺፕሌክ፣ በኖርዛምፕተንሽር በአስተን ለ ዎልስና በሃምፕሽር ነው። ከባሕር ማዶ ግን ሁለት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው የአሜሪካ መንገድ ነው። የሕግ ሊቁ የልጅ ልጅ የሆነው ሰር ኤድመንድ ፕላውደን በ1634 በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ዘመን በአሜሪካ ጠረፍ፣ ዛሬ ኒው ጀርሲ በሚባለው አገርና በአካባቢው «ኒው አልቢዮን» የሚባል ግዛት እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። በ1642 ወደ ቨርጂንያ ተሻገረ፤ ነገር ግን ገንዘቡም ሰዉም አልበቃውምና በ1648 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1659ም ሞተ። ግዛቱ በወረቀት ላይ ቀረ። ከዘሩ ያሉ ሰዎች ግን በኋላ ለካቶሊካውያን መጠጊያ በሆነችው በሜሪላንድ ተቀመጡ።

ሁለተኛው የሕንድ መንገድ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አንዱ ቅርንጫፍ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሥራ ገባ። ይህ ቅርንጫፍ ቺችሊ የሚል ተጨማሪ ስም ስለያዘ በቀላሉ ይለያል። ልጆቹም ካህናት ሳይሆኑ የአስተዳደር ሠራተኞች ስለሆኑ አብረው በዙ። የእኛ ቆንሲል ከዚህ ቅርንጫፍ ነው።

ዋልተር ቺችሊ ፕላውደን በ1820 ተወለደ፤ በ19 ዓመቱ በካልካታ በአንድ የንግድ ቤት ሥራ ያዘ። በ1843 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በስዊዝ ከጆን ቤል ጋር ተገናኘና የዓባይን ምንጭ ለመፈለግ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1848 ቆንሲል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተዋዋለ። በ1860 መጀመሪያ ወደ ምጽዋ ለመውረድ ሲጓዝ፣ ጋረድ የሚባል የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ ሸፍቶ ነበርና በጐንደር አጠገብ አቍስሎ ማረከው። በገንዘብ ቢቤዥም በመጋቢት ወር ሞተ። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ቤልም በዚያው ዓመት ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶርያ በጻፉት ደብዳቤ ፕላውደንን በስሙ አንሥተውታል። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ያመጣውን መዘዝ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያ ስም የወዳጃቸው ስም ነበረ፤ በለንደን ለሚያነብበው ጸሐፊ ግን የአንድ የሽሮፕሽር ቤት ስም ነበረ።

5ኛ፤ ስለ ቈጠራና ስለ ካርታ

በየካቲት 1881 በሕንድ የተደረገውን የሕዝብ ቈጠራ የመራው ዊልያም ቺችሊ ፕላውደን ነው። ከጥቂቶቹ ስም የተወለደው ሰው ከ250 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቈጠረ ማለት ነው። በሚያዝያ ወር በዚያው ዓመት በብሪታንያ የተደረገው ቈጠራም ዛሬ የቤተ ሰብ ስሞችን ካርታ ለሚሠሩ ሊቃውንት ዋና መሠረት ሆኗል።

በ2009 የሌስተር ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በ40 የቤተ ሰብ ስሞች የሚጠሩ 1,678 ወንዶችን መርምረው፣ ስሙ ጥቂት ሰዎች የሚጠሩበት በሆነ መጠን ባለስሞቹ ከአንድ አባት የመምጣታቸው ነገር እየጐላ እንደሚሄድ በደም ዘር ምርመራ አረጋግጠዋል። ይህ በመግቢያችን የተናገርነውን ያጸናል። ሆኖም ወሰን አለው። በአሜሪካ ብዙ ነጻ የወጡ ባሮች የቀድሞ ጌቶቻቸውን ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ስለዚህ በዚያ አገር የስም አንድነት ብቻውን የሥጋ ዝምድናን አያስረዳም፤ የግፍም ምስክር ሊሆን ይችላልና። ደግሞም ካርታ ሴቶችን አያሳይም። በ1967 ስለ እንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወጣው፣ መምህራን «የፕላውደን ዘገባ» የሚሉት ታላቅ ጽሑፍ የተጠራው በብሪጂት ፕላውደን ነው፤ እርሷ ግን ስሙን ያገኘችው በጋብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው። ፕላውደን የሚለው ስም ከአንድ ሸለቆ ተነሣ፤ ቤተ ሰቡ ሃይማኖቱን ስለጠበቀ አነሰ፤ በአገሩ ያጣውን ስፍራና ሥራ ሲፈልግ ደግሞ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ወደ ሩቅ ሄዱ። የጥቂቶች ስም ታሪክ የትንሽ ነገር ታሪክ አይደለም።

ይህ ጕዳይ እኛንም ይነካል። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሄዱ ወገኖቻችን ቅጽ ሲሞሉ የቤተ ሰብ ስም ስለሚጠየቁ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ይጽፋሉ፤ በዚያ የሚወለዱ ልጆችም ያንኑ ይዘው ያድጋሉ። እንዲህ ሆኖ በየትውልዱ ይታደስ የነበረው ስም በአንድ አያት ላይ ቆሞ ይቀራል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነሣ ተመራማሪ ያ አያት ማን እንደነበረ፣ ከየትኛው አገርና ከየትኛው ደብር እንደመጣ ይጠይቃል። የፕላውደንን ሸለቆ ያገኘነው የቀደሙት ጽፈው ስላቈዩልን ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ እስከ ሰባት ቤት ያለውን የአያቶቻችንን ስም ከነቦታው ጠይቀን ብንጽፍ ከብዙ ምርምር ይበልጣል እንላለን።