የራያ ቆላና የምድር ባቡር

ባቡር የሚለው ስም በአማርኛ መጀመሪያ የተሰጠው በእሳትና በውሃ እንፋሎት ለሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ነበር። በባሕር ላይ የሚሄደው መርከብም ባቡር ይባል ስለ ነበረ፥ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ከእርሱ ለመለየት የምድር ባቡር አሉት። እህል የሚፈጨውንም ሞተር ሕዝቡ ባቡር ሲለው ኖሯል። የቆቦ ገበሬም ባቡርን በቅርብ የሚያውቀው በዚሁ በወፍጮው ነው፤ በሐዲድ የሚሄደው ግን ወደ ራያ ቆላ ሦስት ጊዜ ተጠግቶ፥ ሦስቱንም ጊዜ ሳይደርስ ቀርቷል። ስለምን እንዳልደረሰ ታሪኩን በየዘመኑ ለሚመረምር ሰው፥ የጐደለው ብረትና ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ይገለጥለታል።

አስቀድሞ የምድሩን ሁኔታ ማወቅ ይገባል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞባታል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር በረሃ ይለያታል። ሜዳው ከደቡብ ወደ ሰሜን በጎብዬ፥ በሮቢት፥ በቆቦና በዋጃ አድርጎ ወደ አላማጣ፥ ከዚያም ወደ መሖኒ ይዘልቃል። ጎሊናና ሆርማት የተባሉት ወንዞች በክረምት ከደጋው ደለል ተሸክመው ይወርዱና ሜዳውን ያጠጣሉ፤ ማሽላውና ጤፉም በዚሁ ውሃ ይበቅላል።

የመኪናው መንገድ አላማጣ ሲደርስ ሜዳውን ትቶ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ደጋ ይወጣል። ባቡር ግን እንዲህ ያለውን ዳገት አይደፍርም። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚያግደው ነገር ጥቂት ስለሆነ፥ በሜዳ ላይ እጅግ ከባድ ሸክም በትንሽ ኀይል ይጐትታል፤ በዳገት ላይ ግን ያው ልስላሴው ጠላቱ ይሆንና ይንሸራተታል። ስለዚህ በ1,000 ሜትር ርቀት 20 ሜትር ያህል ከፍ የሚለው መንገድ ለመኪና ሜዳ ሲሆን፥ ለባቡር ብርቱ ዳገት ነው። ከወሎ ወደ ትግራይ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስብ መሐንዲስ ሁሉ፥ ደጋውን ትቶ በራያ ቆላ በኩል መሖኒን ይዞ እንዲሄድ ምድሩ ራሱ ያስገድደዋል። ቆቦ ለባቡር የተፈጥሮ በር ናት ማለት ነው።

ባቡሩ ወደዚህ በር መጀመሪያ የተጠጋው በ1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ጄኔራል ናፒየር በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ሠፈረና፥ ስንቁንና መሣሪያውን ከወደቡ ወደ ተራራው ሥር ለማድረስ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሐዲድ አስዘረጋ። በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው የምድር ባቡር ይህ ነበር። ከሐዲዱ ጫፍ ወዲህ ያለውን መንገድ ግን ጦሩ በበቅሎ፥ በግመልና ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ተጓዘ፤ በእንደርታም አልፎ በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር፥ የራያ ቆላ በግራው በታች ሆኖ፥ ወደ ላስታና ወደ ዋድላ ተሻገረ።

በዚያው ወራት አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረጹትን ሴባስቶፖል የተባለ ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጕልበት ያስጐትቱ፥ ገደሉንም እያስቈረጡ መንገድ ያስጠርጉ ነበር። በአንዱ ወገን የብረት ሐዲድ፥ በሌላው ወገን የሰው ትከሻ ወደ አንድ ስፍራ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ከሆነ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ተመለሰ፤ ሲሄድም ሐዲዱን ነቅሎ ወሰደ። ለጦርነት የተዘረጋ ነበረና ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም።

ከዚህ በኋላ ለአገሩ ጥቅም ባቡርን ያሰቡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱም መንገድ በሦስት የተከፈለ ነበር፤ አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ወደ ሰሜን ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚሄድ መንገድ በዚህ ውል ውስጥ አልገባም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ወደ ሐረር ለመውጣት ግን ዳገቱ ስለ ከለከለው ሐዲዱ በቆላው ቀረ፤ በቆመበትም ስፍራ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቈረቈረች። የጥንቷ ከተማ በደጋ ስትቀር፥ ባዶ የነበረው ቆላ በጥቂት ዓመት ውስጥ የንግድ መዲና ሆነ። ሐዲድ በቆላ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ለሚፈልግ የራያ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆ ከወደቀ በኋላ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩን አዲስ አበባ አስገባው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር፤ ይህም በቅሎና ግመል በብዙ ሳምንት ለሚጓዙት መንገድ ታላቅ ነገር ነበር።

በሰሜን በኩል ጣልያኖች ከምፅዋ ጀምረው የዘረጉት ሐዲድ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ደረሰ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣቱ የሚደነቅ ነው። ከአስመራ ወዲያ ግን መንገዱ ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ዞረ፤ በ1914 ዓ.ም. ከረን፥ በ1920 ዓ.ም. አቆርዳት ደርሶ ጥቂት ወደፊት ሄዶ ቆመ። የዚህ ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች በራያ ሜዳ ላይ ቢገናኙ እንኳ፥ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም ነበር፤ ሁለቱም ለየባዕድ ጌታቸው የተሠፉ ጫማዎች ነበሩና።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ ጣልያኖች የሰሜኑን አገር በያዙ ጊዜ ባቡሩ ሁለተኛ ወደ ቆቦ ተጠጋ፤ ይኸውም በጭነቱ እንጂ በአካሉ አይደለም። ከምፅዋ በባቡር አስመራ የወጣው ስንቅና መሣሪያ ከዚያ በመኪና ተጭኖ በመቀሌ አጠገብ፥ በማይጨው፥ በኮረም፥ በአላማጣና በቆቦ አልፎ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ይወርድ ነበር። ጣልያኖች ለጦራቸው ስለ ቸኰሉ ባቡሩን ትተው የመኪናውን መንገድ አበጁ። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው።

የአስመራው ሐዲድ ፍጻሜ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ከ1967 እስከ 1970 ዓ.ም. በኤርትራ ጦርነት በበረታ ጊዜ፥ የሁለቱም ወገን ወታደሮች ሐዲዱንና ከሐዲዱ በታች የተጋደመውን እየነቀሉ ለምሽጋቸው ጣሪያና ድጋፍ አደረጉት። በምሥራቅም በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በገባ ጊዜ የጅቡቲው መንገድ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ። ጥንቃቄ ሲጐድል የሚደርሰውም ጕዳት ከጦርነት አያንስም፤ በ1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሄዶ ከሐዲዱ ወጣና ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ሐዲድ ዕለት ዕለት ካልተጠበቀ፥ ጕድለቱ ካልታደሰ፥ ነጂውም ካልተጠነቀቀ እንደማይበጅ ከዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው መጠጋት የዚህ ዘመን ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በአዲሱ ዕቅድ የሐዲዱ ስፋት በብዙ የዓለም አገሮች እንዳለው 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር፥ የሚጐትተውም ኀይል ኤሌክትሪክ እንዲሆን ተወሰነ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው አዲሱ መንገድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከዚህ ግንድ ላይ በአዋሽ የሚገነጠለው ቅርንጫፍ ነው ወደ ወሎ የሚመጣው።

የቅርንጫፉ ውል በ2004 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ በወልድያ አጠገብ እስካለችው እስከ ሐራ ገበያ ያለው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያፒ መርከዚ ለተባለው የቱርክ ኩባንያ ተሰጠ፤ ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። መንገዱ ከአዋሽ ቆላ ወደ ኮምቦልቻ ከፍታ ሲወጣ ብዙ ተራራ መብሳትና ብዙ ድልድይ ማቆም ግድ ሆነበት። ከሐራ ገበያ በራያ ቆላ አልፎ እስከ መቀሌ የሚደርሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ደግሞ ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተሰጠ። ከሐራ ገበያም በሰመራ አድርጎ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርድ ሌላ መንገድ ታስቦ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ ቢፈጸም የቆቦ ማሽላ በደቡብ ወደ አዋሽና ወደ አዲስ አበባ፥ በሰሜን ወደ መቀሌ፥ በምሥራቅ ወደ ባሕር ለመሄድ በሩ ሁሉ ይከፈትለት ነበር።

ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ። በሰሜኑ ክፍል ግን ገና አፈሩ እየተቈለለና እየተደለደለ ሳለ፥ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣና ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ ወርዶ ቆቦን አዳረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙው ከቤቱ ተሰደደ፤ ለባቡሩ ሥራ የተሰበሰበው ንብረትም ከጥፋቱ አልዳነም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። እንዲህ ሆኖ ሦስተኛውም መጠጋት በአፈር ክምር ላይ ቀረ።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ነው። ሥራው በተጀመረ ጊዜ በነበረው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የካሳ ሕግ መሠረት፥ መሬቱ ለመንግሥት ሥራ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው ካለፉት አምስት ዓመታት ምርቱ አማካይ ተወስዶ፥ የዓመቱ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። ይህም ማለት ሕጉ ለመሬቱ የአሥር ዓመት እህል ቈጠረለት ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተቈጠረ አሥር ዓመት በ2017 ዓ.ም. ሞላ። የሐሳቡ መሠረት፥ ካሳው ሳያልቅ ባቡሩ ደርሶ በማረሻው ፈንታ ሌላ እንጀራ ያመጣለታል የሚል ነበር። ካሳው አልቆ ባቡሩ ካልመጣ፥ አባት ያረሰውን እርሻ ልጅ አያርሰውም፥ በላዩም የሚሄድ ፉርጎ አያይበትም። የአገር ዕዳ በባንክ መዝገብ ብቻ አይጻፍም፤ እንዲህ ያለውም ዕዳ አለ።

ሦስቱን ዘመናት አስተያይቶ ለሚያይ፥ የዙላው ሐዲድ ለጦር ተዘርግቶ ከጦሩ ጋር ተነቀለ፤ የአስመራው ለገዥዎች ተሠርቶ ለምሽግ ሆነ፤ የወሎው ግን ለአገሩ ሰው ታስቦ በአገሩ ሰዎች ጠብ ተቋረጠ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባዕድ ቢወቀስ ይገባል፤ በሦስተኛው ግን ወቀሳው ወደ ቤት ይመለሳል። መኪና መንገዱ ቢቈረጥ ዞሮ በሌላ ይሄዳል፤ ሐዲድ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ አካል ነው፤ በመካከሉ አንድ ክንድ ቢጐድል ቀሪው ሁሉ ብረት ብቻ ነው። ከሐራ ገበያ እስከ መቀሌ የሚዘረጋው መንገድ በሁለት ክልል የሚኖሩ፥ በገበያ፥ በጋብቻና በማኅበር የተሳሰሩ፥ ደግሞም በቅርቡ የተጋደሉ ሰዎችን መሬት ያቋርጣል። አንዱ ወገን ለብቻው ሊሠራው አይችልም፤ አንዱ ወገን ለብቻው ግን ሊያቆመው ይችላል።

ስለዚህ የቆቦ ባቡር የሚጀምረው ከመሐንዲሱ መለኪያ አስቀድሞ፥ የአላማጣና የቆቦ፥ የመሖኒና የወልድያ ሽማግሌዎች በአንድ ጥላ ሥር ከሚቀመጡበት ቀን ነው። አፈሩ ተደልድሎ ቢቈይ በየክረምቱ የጎሊናና የሆርማት ጎርፍ ይሸረሽረዋል፤ የተዘረጋውም ብረት ያለ ሥራ ቢቀመጥ ይዝጋል። ገንዘብ ከሩቅ አገር መበደር ይቻላል፤ ሰላም ግን ከጎረቤት ካልሆነ ከሌላ ስፍራ አይበደሩትም።