የኮልፌው እግረኛ

ኮልፌ ቀራንዮ በስሙም በመልክዓ ምድሩም ከኮረብታ ጋር የተዛመደ ሰፈር ነው። ቀራንዮ የጎልጎታ ሌላ ስሙ ነው። ኮልፌም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጦ በሰሜን እንጦጦን፣ በምዕራብ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚነሣውን ወጨጫን ይመለከታል። ከዚህ ተነሥቶ ሩቅ መንገድ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ዳገት አይቀርለትም።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ይህን ዳገት የሚወጡ አንድ እንግዳ መጡ። በድብቅ ሲጓዙበት የነበረው ስም ዴቪድ ሞትሳማይ ነበር። ሞትሳማይ በሶቶ ቋንቋ ተጓዥ፣ እግረኛ እንደ ማለት ነው። እውነተኛ ስማቸው ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። በዚያው ዓመት ከአገራቸው ተደብቀው ወጥተው፣ በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ተናግረው፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮችንና ለንደንን ዞረው ተመለሱ። ድርጅታቸው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ከታገደ በኋላ የትጥቅ ትግል ተጀምሮ ነበርና፣ ወታደርነትን ሊማሩ ኮልፌ ከሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሰፈር ገቡ። በዚያው ሐምሌ 44 ዓመት ሞላቸው።

ጣሊያንን በአርበኝነት የተዋጋ በፍቃዱ የሚባል መቶ አለቃ ተኩስ፣ ፈንጂና መድፈኛ አስተማራቸው። ከሁሉ ግን ማንዴላ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በፍቅር የሚያነሡት ረጅሙን የእግር ጉዞ ነው። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዞ የተወሰነ ርቀትን በተወሰነ ሰዓት መጨረስ! በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወጨጫ አናት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ልብ ትፈጥናለች፤ ሳንባ ይቸኩላል፤ ደም ግን ቀይ ሕዋሳቱን አብዝቶ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ማንዴላ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከጆሃንስበርግ ስለመጡ ለደጋ ፍጹም እንግዳ አልነበሩም፤ ቢሆንም ኮልፌ ከዚያም ከፍ ትላለች። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ዓለም የዚህ ደጋ ልጅ ጉልበት ምን እንደሆነ አይቶ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እግር ግን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ዓይንም ነው። እንግዳው በዚያ ጉዞ ጥቅጥቅ ያለውን ደንና ገላጣውን ደጋ አዩ። በእንጨት ሞፈር የሚያርሰውን፣ በቀላል ምግብና በቤት ጠላ የሚያድረውን ገበሬም አዩ። የአገሪቱን ኋላ ቀርነት ሳይሸፍኑ ጻፉ፤ ነገር ግን አልናቁትም። ያዩት ኑሮ የራሳቸውን አገር የገጠር ድሃ ሕይወት አስታወሳቸው። በመኪና መስኮት ያለፈ ሰው የሰው ድህነት ያያል፤ በእግሩ ያለፈ ግን የወገኑን ድህነት ያያል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ የጦር ትምህርት ይሰጧቸው ነበር። አንድ ቀን ኮሎኔሉ ምሳ እየበሉ፣ አዛዥ ከሥራ ውጭ ከተራው ወታደር ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ሲያስረዱ አንድ ሃምሳ አለቃ ገባ። ኮሎኔሉ በምግብ ሰዓት ስለ አቋረጣቸው ተቆጥተው አባረሩትና የእኩልነቱን ትምህርት ካቆሙበት ቀጠሉ። ማንዴላ ይህን ያለ ምሬት፣ በፈገግታ ይተርኩታል። መምህር ሰው ነውና።

ትምህርቱ ለ6 ወር የታሰበ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከአገር ቤት ጥሪ መጣና ተቋረጠ። ኮሎኔሉ ሽጉጥና ጥይት በስጦታ ሰጥተው ሸኟቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ማንዴላ በመንገድ ላይ ተያዙ። ከ27 ዓመት በላይ ከቆየው እስራታቸው 18ቱን ዓመት ያሳለፉት በሮበን ደሴት ነው። አየር በማያጥርበት የባሕር ጠረፍ፣ የአጠረው ነጻነት ነበር።

መምህሩስ? በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪ ሆኑ፤ በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስለዚህ መምህርና ተማሪ፣ አንዱ በኢትዮጵያ አንዱ በደቡብ አፍሪካ፣ በአንድ ዘመን እስረኞች ነበሩ። ተማሪው የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. በእግራቸው ከእስር ቤት በር ወጥተው ኋላም ፕሬዚዳንት ሆኑ። መምህሩ ግን በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ።

እኛ «ማንዴላ የሠለጠኑት በእኛ ሰፈር ነው» እያልን እንኮራለን፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ይሁንና የእንግዳውን ስም ከፍ አድርጎ የአስተማሪዎቹን ስም የሚዘነጋ ኩራት ግማሽ ነው። መቶ አለቃ በፍቃዱ መንገዱን አሳየ፤ ታደሰ ብሩ የመንገዱን ሕግ አስተማሩ፤ ስሙ ያልተጻፈው ገበሬም ሞፈሩን እንደያዘ ትምህርት ሆነ። የኮልፌን ዳገት ስናስታውስ የእነርሱንም ስም አብረን እንጥራ።