ለጆርናል «ልኬያለሁ» ያላችሁት ጥናት በእርግጥ ተልኳል?

የማውቃት አንዲት ልጅ የማስተርስ ጥናቷን ለውጭ ጆርናል ልካ ሦስት ወር ጠበቀች። ዝም። በኋላ አካውንቷን ስትከፍት ጽሑፉ ጭራሽ አዘጋጁ ጋ አልደረሰም። አንድ ቁልፍ ስላልነካች ብቻ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ጆርናሎች ዛሬ ጽሑፍ የሚቀበሉት በኢሜይል ሳይሆን በኦንላይን ሲስተም ነው። በብዛት የሚያጋጥሟችሁ ኤዲቶሪያል ማናጀር፣ ስኮላርዋን እና ኦጄኤስ ናቸው። ኦጄኤስ ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የእኛው ተቋማትም ጆርናሎቻቸውን በእሱ ያስኬዳሉ።

ልጅቷን የያዛት ኤዲቶሪያል ማናጀር ነው። ፋይሎቻችሁን ስትጭኑ ሲስተሙ ሁሉንም አጣምሮ አንድ ፒዲኤፍ ይሠራል። ሥራው ግን እዚህ አላለቀም። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ «አፕሩቭ ሰብሚሽን» የሚለውን መጫን አለባችሁ፤ ካልሆነ ጽሑፉ እናንተው ገጽ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ሠንጠረዥ የሚዘበራረቀውም በዚህ ፒዲኤፍ ላይ ስለሆነ በስልክ አትዩት፣ ኮምፒውተር ፈልጉ። «ደርሶናል» የሚል ኢሜይል ስፓም ውስጥም ከሌለ አልተላከም ብላችሁ ያዙት።

ከተላከ በኋላ «አንደር ሪቪው» የሚለው ወራት ሊቆይ ይችላል፣ አትደንግጡ። ሰልችቷችሁ ለሌላ ጆርናል መላክ ግን አይቻልም፤ ጥፋት ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በይፋ አውጡ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ኦፕን አክሰስ የሆኑ ብዙ የውጭ ጆርናሎች የሚያስከፍሉት ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ትልልቅ አሳታሚዎች ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው እዚያው ስታስገቡ ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቁ «አልፏል» ልትባሉ ትችላላችሁ። ገና ሳይገመገም «ክፈሉና በሳምንት እናወጣዋለን» የሚላችሁን ደግሞ ተጠራጠሩ።

አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ በራሳችሁ ኢሜይል። «እኔ አስገባልሃለሁ» ለሚል ሰው ከሰጣችሁ የአዘጋጁ መልስ የሚመጣው ለእሱ ነው። ባለ 16 አሃዙን የኦርኪድ መለያም አውጡ፤ ነፃ ነው፣ ስማችሁ በእንግሊዝኛ በተለያየ ፊደል ቢጻፍ እንኳ ሥራችሁን ከእናንተ ጋር ያያይዘዋል።

ልጅቷስ? ቁልፉን ተጭናለች። አሁን «ዊዝ ኤዲተር» ይላል።