የወራሽነት ወረቀትና ሁለቱ ፍርድ ቤቶች
የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 996 ወራሽ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ፈቀደ። በአዲስ አበባ ግን አዋጅ ቁጥር 408/1996 ይህን ማስረጃ የመስጠት ሥልጣን ለከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሰጠና የውርስ ክርክሩን ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተወው። ወረቀቱ ከሙግቱ ተለየ ማለት ነው። ክርክር የሌለበት ጉዳይ የፌዴራል ዳኛን ጊዜ ለምን ይሻማል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ችግሩ፣ ማመልከቻው ሲገባ ክርክር ይኑር አይኑር ማንም አለማወቁ ነው። ለምሳሌ፣ ዛሬ ፋብሪካ የቆመበት የአዲስ አበባው ቦሌ ለሚ ትናንት የእርሻ መሬት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ባለይዞታ አባት ሲሞት አንዱ ልጅ የሞት ማስረጃና ሁለት ምስክር ይዞ ይቀርባል፤ ሩቅ አገር ያለችው እህት የምትሰማው ወረቀቱ ከወጣ፣ ምናልባትም ለመሬቱ የተከፈለው ካሳ ከተበላ በኋላ ነው። ትክሰስ ይባል ይሆናል። መክሰስማ ትችላለች፣ ያውም በሌላ ፍርድ ቤት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረትም መብቷንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀች ጀምሮ ያላት 3 ዓመት ብቻ ነው። ሥልጣኑ መከፈሉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሕግ አውጪው፣ የሁሉም ልጆች ስም ተጣርቶ ጥሪ ሳይደርሳቸው ወረቀቱ እንዳይሰጥ በግልጽ ይደንግግ።