ከጣሪያ ወደ ፓራፋንጎ፦ የኤሌክትሪክ የመኪና አንቴና አመጣጥና ጥገና

በሞተር የሚወጣና የሚገባ የራዲዮ አንቴና የተሰበረበት መኪና ወደ ጋራዥ በመጣ ቁጥር ከባለሙያው የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሙሉ ዕቃው ይለወጥ» የሚል ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ዕቃው ለምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ የተገነዘበ ሰው፣ ባለንብረቱን ለዚህ ሁሉ ወጪ ከመዳረጉ በፊት ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1930 ፖል ጋልቪን ኩባንያው የሠራውን ራዲዮ በገዛ መኪናው ላይ አስገጥሞ ከቺካጎ እስከ አትላንቲክ ሲቲ ድረስ በመንዳት በዚያ ለተሰበሰቡት የራዲዮ ሰዎች አሰማ። በዚያን ዘመን የብዙ መኪናዎች ጣሪያ መካከሉ በጨርቅ የተሸፈነ ስለ ነበረ የአንቴናው ሽቦ ከጨርቁ ሥር ይዘረጋ ነበር፤ ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ከ1935 ሞዴሎቹ አንሥቶ ጣሪያውን ወጥ በሆነ ብረት መሥራት ሲጀምር ግን ይህ መደበቂያ ጠፋ። ብረት የራዲዮን ሞገድ ይጋርዳልና። አንዳንዶች ሽቦውን በመኪናው መርገጫ ሥር አሰሩት፤ እዚያ ደግሞ ጭቃና ድንጋይ አላስቀመጠውም። በመጨረሻ አንቴናው ዘንግ ሆኖ ከፓራፋንጎው ላይ ቆመ።

ዘንጉ በደንብ ይሰማል፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ ይመታዋል፣ መንገደኛ ያጎብጠዋል። ይጠር እንዳይባል ደግሞ በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ስለ ሆነ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በሚያስፈልግ ጊዜ የሚወጣ፣ በማያስፈልግ ጊዜ የሚሸሸግ ዘንግ ተፈለገ። በ1940ዎቹ ዓመታት በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ይህ ሥራ የሚከናወነው በመኪናው ሞተር የአየር መሳብ ኃይል ነበር። ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ግን ይህ ኃይል ስለሚደክም ኋላ ላይ ቦታውን ለትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለቀቀ። የ1969ኙ ፖንቲያክ ግራንድ ፕሪ ሽቦውን በፊት መስተዋት ውስጥ ቀብሮ ወደ ጥንቱ መደበቅ ቢመለስም ዘንጉ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ኖሯል።

የኤሌክትሪኩ አንቴና ብልሃት ያለው ሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ በናይለን ገመዱ ላይ ነው። ገመዱ በአንድ ጎኑ ጥርስ አለው፤ እየተጠቀለለ ከበሮ ውስጥ ይገባል፣ ሲፈታ ደግሞ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋል። ዘንጉ ሲጎብጥ ወይም አቧራ ሲነክሰው ሞተሩ መሳቡን ይቀጥላል፣ ናይለኑም ጥርሱ ይረግፋል ወይም ይበጠሳል። እንግዲህ የሚሰበረው ርካሹ ክፍል ነው። ራዲዮው ሲከፈት ሞተሩ እየዞረ ዘንጉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወሬው መልካም ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነውና።

ጥገናው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የላዩን ዳዶ ፈትቶ ዘንጉን ይይዛል፤ ሌላው ራዲዮውን ሲከፍት ሞተሩ ራሱ አሮጌውን ዘንግ ከነገመዱ ገፍቶ ያስወጣዋል። የወጣው ገመድ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቶ መለካት አለበት፤ ካጠረ ቁራጩ ከበሮው ውስጥ ቀርቷልና ከበሮው ሳይከፈት አዲሱን ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። ከዚያም የአዲሱ ገመድ ጥርስ ወደ ሞተሩ ማርሽ እንዲዞር ተደርጎ ይገባና ራዲዮው ሲዘጋ ሞተሩ ይስበዋል። እዚህ ላይ በእጅ መግፋት አያስፈልግም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አዲሱን ናይለን ያጣምመዋል።

ዘንጉን በግሪስ የሚቀቡ አሉ። ይህ አቧራን ከመጋበዝ አይለይም፤ በጨርቅ ጠርጎ በቀጭን ዘይት ማበስ ይበቃል። አንቴናው ወጥቶም ራዲዮው የሚንጫጫ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር ያለው የፓራፋንጎ ብረት ዝጎ እንደ ሆነ ይታይ፤ እዚያ ያለው ግንኙነት ንጹሕ ካልሆነ አዲስ ዘንግም አይረዳም። ሙሉ ዕቃው ይለወጥ የሚባለው ከታች ያለው የውኃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ሞተሩ ራሱ በዝገት ሲያዝ ነው።