የአሠልጣኙ አሠልጣኝ፦ ከካሳራኒ እስከ ባሕር ዳር

ካሳራኒ ሲባል ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ትዝ የሚለው ሩጫ ነው። ከናይሮቢ ወደ ቲካ በሚወስደው አውራ ጎዳና በኩል የሚገኘው ትልቁ ስታዲየም በ1987 ለተደረገው አራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራ ሲሆን፣ በ2021 የዓለም ከ20 ዓመት በታች የአትሌቲክስ ሻምፒዮናም የተካሄደው እዚያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ የአፍሪካ ጨዋታ ከመደረጉ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ሠፈር እኛን መምህራንን ይበልጥ የሚመለከት ሥራ ተጀምሯል። ይኸውም በ1986 የተቋቋመው የኬንያ የልዩ ትምህርት ኢንስቲትዩት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኬንያ በ1963 መጨረሻ ነፃነቷን ስታገኝ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ሕዝብ ብዙ፣ የሠለጠነው መምህር ግን ጥቂት ነበር። በፕሮፌሰር ኦሚንዴ የሚመራው ኮሚሽን በ1964 ባቀረበው ሪፖርት ከገለጻቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ነው። በ1965 ከካሳራኒ አለፍ ብሎ ካሃዋ በተባለው ቦታ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሠፈር ለኬንያ መንግሥት ተላለፈና ኬንያታ ኮሌጅ ሆነ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ በ1978 ወደዚያ ተዛወረ፤ ኮሌጁም በ1985 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። የወታደር ሠፈር የመምህራን ቤት ሆነ ሲባል መስማት ደስ ይላል። ነገር ግን ሕንፃ ማግኘት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። በሕንፃው ውስጥ ቆሞ መምህራንን የሚያሠለጥነውስ ሰው ከየት ይመጣል? እርሱንስ ማን ያሠለጥነዋል?

እኔ ራሴ የማሠልጠኛ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ መምህራችን «ተማሪን የሚያሳትፍ የማስተማር ዘዴ» በሚል ርእስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጻፉን። የማስታወሻ ወረቀታቸው ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ነበር። ማንም አልጠየቀም፤ ለጥያቄ የሚሆን ጊዜም አልነበረም። ሰውዬው ሰነፍ አልነበሩም። እርሳቸውም የተማሩት እንደዚሁ እየጻፉ ነው፤ ኮሌጅ ከገቡ ወዲህ ደግሞ «እስቲ እንዴት እንደሚያስተምሩ ልይ» ያላቸው ሰው አልተገኘም።

የካሳራኒው ተቋም ታሪክ ትምህርት የሚሆነን እዚህ ላይ ነው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ፣ ችግሩን የሚለይለት መምህር ካላገኘ፣ «ደደብ» እየተባለ ዓመታት በአንድ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ከ1986 በፊት እንዲህ ያሉትን ልጆች፣ ዓይነ ስውራንንና የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸውን የሚያስተምሩ ኬንያውያን የሚሠለጥኑት በየኮሌጁ በተበታተኑ ኮርሶች ነበር። በዴንማርክ መንግሥት እርዳታ የተገነባው ኢንስቲትዩት ግን መምህር ከማሠልጠን ሌላ የትምህርት መርጃ መሣሪያ የማዘጋጀት፣ የምርምርና በሥራ ላይ ላሉት ተጨማሪ ኮርስ የመስጠት ኃላፊነት ተሰጠው። የሕፃናትን ችግር የመመርመሩ ሥራም ከዚሁ ጋር ተያያዘ።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የሠልጣኞቹ ማንነት ነው። ለዲፕሎማ የገቡት ቀድሞውኑ የሠለጠኑና ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። ዐሥር ዓመት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ንድፈ ሐሳብ ሲነገረው «እኔ ክፍል ያለው ልጅ እንዲህ አያደርግም» ማለቱ አይቀርም። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት የቆመ አሠልጣኝ ወድዶም ሆነ ተገድዶ ትምህርቱን ያሻሽላል። በእኔ አስተያየት ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ ኮሌጅን የሚለውጠው ይኸው ነው። ለዚያውም ሁሉም ወደ ናይሮቢ መምጣት ስለማይችል በኋላ የርቀት ትምህርት ተጨምሯል።

ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ አሠልጣኙን መርሳት ምን እንደሚያስከትልም ከዚያው ከኬንያ እናያለን። በጥር 1985 የስምንት፣ አራት፣ አራት ዓመት እርከን ያለው ሥርዓት ሲጀመር የእጅ ሥራና የሙያ ትምህርቶች በብዛት ገቡ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም ወርክሾፕ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር፤ ትምህርቱን ለማስተማር የተዘጋጀ መምህርም አልበቃም። መጽሐፉ ቀደመ፣ ሰው ግን ወደ ኋላ ቀረ።

በአገራችን ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ፤ በ1952 ደግሞ በሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። አሠልጣኞቹን የሚያሠለጥን ተቋም የተመሠረተው ግን በ1972 ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በተስማሙት መሠረት የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቋመ። ዓላማውም የማሠልጠኛ ተቋማት መምህራንን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን ማፍራት፣ የአንደኛ ደረጃውንም ትምህርት ከገጠሩ ኑሮ ጋር ማገናኘት ነበር። ካሳራኒን በ14 ዓመት መቅደሙ ነው። አካዳሚው በ1996 የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ እንደገና ተደራጀ፤ በ2000 ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የመምህራን ሥልጠና ሥርዓቱን እንደገና ለማዋቀር በተነሣው እንቅስቃሴ በ2003 የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ሲጀመር ጥያቄው ተመልሶ መጣ። አሁን የሚማረው ራሱ የኮሌጁ መምህር ሆነ፤ ለአንድ ዓመት፣ ሥራውን ሳያቋርጥ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ኖሬ እንደገና ማስተማር ልማር?» ያለው ብዙ ነው። ቅሬታው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም፤ የሚሞላው ወረቀትና የሚዘጋጀው ፖርትፎሊዮ ሥራ የበዛበትን ሰው ያሰለቻል። ነገር ግን ፕሮግራሙ አንድ የማይናቅ ነገር ነበረው፤ አሠልጣኙ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማየት ነበረበት።

ያ ሁለት ሰዓት ያስጻፉን መምህርም ከዓመታት በኋላ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በዚሁ ምክንያት መጡ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከመጨረሻው ዴስክ፣ በሁለት ልጆች መካከል ተጣበው ተቀመጡ። ደወል ሲደወል ወደ እኔ መጡና ጠመኔውን ከእጄ ወስደው ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል በትልቁ ጻፉ። ተመልሰው ወደ ዴስኩ ሄደው አዩትና፣ «ለካ ከዚህ ምንም አይታይም ኖሯል» አሉኝ።